ቁራው ጥቁር ነውን?

ቁራ ጥቁር ነው ቢባል የሚከራከር ሰው አይገኝም። ኖኅ ከመርከቡ ልኮት ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ፥ ተልኮ በዚያው ለሚቀር ሰው ሁሉ «የቁራ መልእክተኛ» የሚል ስም ያተረፈ ወፍ ነውና፥ ከመልኩ ጋራ ጠባዩም በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። እኛም ይህን ዕውቀት እንደማንኛውም ሰው ተሸክመን ስንኖር አንድም ቀን ከብዶን አያውቅም ነበር። የከበደን፥ አንድ እሑድ ጠዋት ከሰል ጨብጠን ቁራ ለመሣል የተቀመጥን ዕለት ነው።

ሥዕል የጀመርነው ሠዓሊ ለመሆን አስበን አይደለም። ዩኒቨርሲቲውን ለቀን መሥሪያ ቤት ከገባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ሲሆን፥ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምንውለው ከወረቀት ጋራ ነው። ሰው የጻፈውን እናነባለን፤ ባነበብነው ላይ እንጽፋለን፤ እኛ በጻፍነው ላይ ደግሞ ሌላው ይጽፍበታል። ዐይናችን ሳምንቱን ሙሉ ፊደል ብቻ ሲያይ ከሰነበተ፥ በእሑድ ቀን ፊደል ያልሆነ ነገር ለማየት ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከቤታችን በስተጀርባ አንድ ሥጋ ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት ፍርፋሪ አጥንት ሲጣል አንድ ትልቅ ቁራ እየመጣ ከቆርቆሮው አጥር ላይ ያርፋል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ወፍ ዘወትር ስለሚያየው ከቁም ነገር አይቈጥረውም እንጂ፥ ተራ ወፍ አይደለም። መኖሪያው በተለይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያኽላል፤ በቁራ ወገን ካሉት ወፎች ሁሉ ከትልቆቹ የሚቈጠር ነው። በሳይንስ መጽሐፍ ስሙን ያገኘው በ1836 ኤድዋርድ ሩፔል ከተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፥ የስሙም ትርጓሜ «መንቁረ ወፍራሙ ቁራ» እንደ ማለት ነው። እውነትም መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የከበደና የጐበጠ ነው፤ ጫፉ ነጣ ይላል። ከማጅራቱ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ምልክት አለው።

እንግዲህ በዚያ እሑድ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። በመጀመሪያ የወፉን ዙሪያ በመስመር ከበብን፤ ከዚያም ቁራ ጥቁር መሆኑን ስለምናውቅ ውስጡን በከሰል ሞላነው። ማጅራቱ ነጭ መሆኑን ስለምናውቅ እዚያ ላይ ወረቀቱን ባዶ ተውነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራው አለቀ። ራቅ አድርገን ብናየው ግን ሥዕሉ ወፍ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ በመቀስ የተቈረጠ ቀዳዳ መሰለ። ሁለት እሑድ ደጋገምነው። ቀዳዳው እየጠቈረ ሄደ እንጂ ወፍ አልሆነም።

በሦስተኛው እሑድ አንድ ጐረቤታችን የሆኑ፥ ለብዙ ዘመን የሥዕል መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ በበራችን ሲያልፉ ቆሙ። ሥዕሉን አንሥተው ለረዥም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይህ ምንድን ነው፥ ልጄ?» አሉ።

«ቁራ ነው፥ ጋሼ።»

«ቁራ መሆኑንስ መንቁሩ ይመሰክራል። ግን ፀሐይዋ የት አለች?»

እኛ ፀሐይ አልሣልንምና የምንመልሰው አጣን። እሳቸውም ወረቀቱን መለሱልንና፥ «የሣልከው የምታውቀውን ነው፤ ያየኸውን አይደለም። የምታውቀውንማ ለመሣል ምን ውጭ ያስወጣሃል? ብርድ ነው፤ ከቤትህ ሆነህ ትሠራው ነበር» ብለው ሣቁ። ነገሩ በቀልድ ቢባልም ዘልቆ ተሰማን።

ለነገሩ የእኛ ዐይን መስመር ቢወድ አይፈረድበትም። ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየናቸው ጥንታውያን ሥዕሎች በአብዛኛው በጥቁር መስመር ተከብበው በደማቅ ቀለም የተሞሉ ናቸው። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዐይኑ ይመለከተናል፤ ክፉው ደግሞ በጐኑ ቆሞ አንድ ዐይኑን ብቻ ያሳያል። ከኋላቸው በመሬት ላይ የወደቀ ጥላ አይታይም። ይህ የጥበብ ጕድለት አይደለም። ሠዓሊው ሊነግረን የፈለገው የጻድቁን ጽድቅ ነው፤ ጽድቅ ደግሞ በጠዋትም በማታም ያው ነው። እኛ ግን በእጃችን የነበረው ጕዳይ ሌላ ነበር። አንድ ቁራ፥ በአንድ እሑድ፥ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፥ ፀሐይ በቀኝ በኩል ስትሆን ምን እንደሚመስል ነበር የተጠየቅነው። እንዲህ ላለው ጥያቄ መስመር ብቻውን መልስ አይሰጥም።

መምህሩ ትምህርታቸውን የጀመሩት በቁራ አይደለም። «ወፍ ከእንቁላል ይወጣል፤ አንተም ከእንቁላል ጀምር» አሉን። አንድ የተቀቀለ እንቁላል በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው መስኮቱን በአንድ ወገን ብቻ ከፈቱ። እንቁላሉ ነጭ ነው፤ ጨርቁም ነጭ ነው፤ ነገር ግን በዚያ በነጩ ላይ አምስት ልዩ ልዩ ነገር አሳዩን። አንደኛው፥ በመስኮቱ አንጻር ያለውና ብርሃን በሙሉ የሚያርፍበት ክፍል ነው። ሁለተኛው፥ እንቁላሉ ከብርሃኑ መዞር ሲጀምር የሚታየው ለስላሳ ግራጫ ነው። ሦስተኛው፥ ብርሃኑ ፈጽሞ የማይደርስበት ዋናው ጥላ ነው። አራተኛው ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነው፤ ከጥላው በታች በኩል፥ ከጨርቁ ተመልሶ የሚመጣ ደካማ ብርሃን አለ። አምስተኛው እንቁላሉ ራሱ በጨርቁ ላይ የሚጥለው ጥላ ነው፤ ይህ ከእንቁላሉ አጠገብ ጠንከር ብሎ ይጀምርና እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፥ ጠርዙም ይደበዝዛል።

«እነዚህን አምስቱን በቦታቸው ያስቀመጠ ሰው እንቁላሉን በእጁ ሊያነሣው ይችላል» አሉ መምህሩ። ያስጠነቀቁንም አንድ ነገር ነበር። ያ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን የቱን ያኽል ደስ ቢያሰኝ፥ የጥላው ወገን ነውና በፀሐይ በኩል ካለው ብርሃን ጋራ ሊወዳደር አይገባውም። ያን ሲያነጡት ክቡ ነገር ይፈርሳል።

አንባቢ ሆይ፥ መሣሪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለሥዕል የሚሆን ከሰል ከመደብር ይገኛል፤ ካልተገኘም በቤት ይሠራል። ቀጫጭን የአኻያ ቅርንጫፍ ወይም የወይን ሐረግ ልጦ አድርቆ፥ በባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አጥብቆ መደርደርና ክዳኑን በምስማር አንድ ጊዜ በስቶ በደንብ መዝጋት ነው። ጣሳው ከእሳት ሲገባ በቀዳዳው ጢስ ይወጣል። ጢሱ ሲያቆም ከእሳቱ ማውጣት፥ ግን እስኪበርድ ድረስ አለመክፈት ይገባል፤ ትኩሱን የከፈተው ሰው አየር ስለሚያስገባበት ከሰሉን ሳይሆን አመዱን ያገኛል። ወረቀቱ ሻካራነት ያለው ይሁን። ከሰል በወረቀት ላይ እንደ ቀለም አይጠጣም፤ ዱቄቱ በወረቀቱ ሻካራ ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ። ስለዚህ በልስልስ ወረቀት ላይ አይቈይም።

ለመደምሰሻም ዳቦ ይበቃል። በ1770 ገደማ የጎማ ላጲስ በአውሮፓ ከመታወቁ በፊት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች የሚደመስሱት ከዳቦ መካከል ባለው ለስላሳ ክፍል ነበር። እሱን በጣት ጠፍጥፎ ከሰሉ ላይ ጫን ሲያደርጉት ዱቄቱን ይዞ ይነሣል። በከሰል ሥዕል ላይ ዳቦው ስሕተት ማጥፊያ ብቻ አይደለም፤ ብርሃን የሚሣልበት ብርዕ እርሱ ነው። ከሰሉ ጥላውን ያኖራል፤ ዳቦው ብርሃኑን ያወጣል።

ጥበቡም አዲስ አይደለም። በደቡብ ፈረንሳይ፥ በ1994 በተገኘው የሾቬ ዋሻ ግድግዳ ላይ፥ ከ30,000 ዓመት በላይ ያስቈጠሩ በከሰል የተሣሉ ፈረሶችና አውራሪሶች አሉ። ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች ከሰሉን በእጃቸው እያሹ በፈረሱ ጕንጭና አንገት ላይ ጥላ አውጥተዋል። መጻፍ ከመታሰቡ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፥ ሰው በጥላ አማካይነት ነገርን ክብ ማድረግ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከእንቁላሉ በኋላ ወደ ቁራው ተመለስን። በዚህ ጊዜ መስመር እንድንጀምር አልተፈቀደልንም። ወረቀቱን በሙሉ በከሰል አጠይመን በጨርቅ አሸነውና አንድ ዐይነት ግራጫ አደረግነው። በላዩ ላይ ለገላው አንድ ትልቅ እንቁላል፥ ለራሱ አንድ ትንሽ እንቁላል አስቀመጥን። ከዚያ መምህሩ «ዐይንህን ጨፈን አድርገህ እይ» አሉን። ዐይን ሲጨፈን ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል፤ ላባውም ጥፍሩም አይታይም፤ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ብርሃን ያለበትና የሌለበት። እነዚያን ሁለቱን እንድንለይ፥ ሌላውን ሁሉ እንድንረሳ ታዘዝን።

ያን ጊዜ ነው ጕዱን ያየነው። ቁራው ጀርባውን ወደ ፀሐይ ሰጥቶ፥ አንገቱን ወደ ሥጋ ቤቱ አዙሮ ነበር። ጥቁሩ የጀርባ ላባ ብርሃኑን ተቀብሎ ስላብረቀረቀ ነጥቶ ይታያል። ያ ነጭ የምንለው የማጅራት ምልክት ደግሞ በዚያን ሰዓት በጥላ ውስጥ ስለነበረ ግራጫ ነው። ጥቁሩ ከነጩ ይልቅ ነጥቶ ነበር! ሦስት እሑድ በፊቱ ተቀምጠን ይህን አላየንም ነበር፤ ዐይናችን ከማየቱ በፊት አእምሮአችን «ይህ ጥቁር፥ ያ ነጭ» እያለ ይፈርድለት ነበርና።

በዳቦው የጀርባውን ብርሃን አወጣን፤ ማጅራቱን አጠየምን። ላባውን አንድ በአንድ ለመቍጠር ስንነሣ መምህሩ ከለከሉን። ላባ በደንብ የሚታየው ብርሃኑ ወደ ጥላ በሚዞርበት ጠርዝ ላይ ስለሆነ፥ እዚያ ላይ ጥቂት ብቻ ቢመለከት ተመልካቹ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል አሉ። ክንፉ ከራሱ ጥላ ጋራ በተገናኘበት ቦታ መስመር እንዳናስገባ፥ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋራ እንዲዋሐድ ተውነው። የወፉ ጥላ በቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ እንደ ቆርቆሮው እየተጣጠፈ መውረዱን ሣልን። በመጨረሻም በዐይኑ ላይ በዳቦው ሹል ጫፍ አንዲት የብርሃን ነጥብ አነሣን። ቁራው ወደ እኛ ያየ መሰለን። ሥዕሉ ታላቅ ሥራ ነው አንልም፤ ቀዳዳ ግን አልነበረም።

በድፍረታችን ብዛት በሚቀጥለው እሑድ ድንቢጥ ለመሣል ተነሣን፤ እንደገናም ወደቅን። ጥላው ባለበት ሆዷ ነጣ ይላል፤ ብርሃኑ ባለበት ጀርባዋ ይጠቍራል፤ እንቁላሉ ያስተማረን ሕግ የተገለበጠ መሰለ። ምክንያቱን ስንፈልግ አቦት ታየር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ (1849–1921) ከረዥም ጊዜ በፊት እንደ ደረሰበት አነበብን። ብርሃን ከሰማይ ስለሚመጣ የማናቸውም እንስሳ ጀርባ ይበራል፥ ሆዱ ይጨልማል። ተፈጥሮ ግን የብዙዎቹን እንስሳት ጀርባ አጥቍራ፥ ሆዳቸውን አንጥታለች። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ እንስሳውም ክብነቱን አጥቶ ከአካባቢው ጋራ ይመሳሰላል፥ ከጠላት ዐይን ይሰወራል። ታየር ይህን በ1896 ለወፍ ሊቃውንት ጉባኤ ያስረዳው በስኳር ድንች ነበር። ድንቾቹን በሽቦ ላይ ሰክቶ፥ ከላይ አጥቍሮ ከታች አንጥቶ ቀለም የቀባቸው ከትንሽ ርቀት ሲታዩ የጠፉ መሰሉ።

ስለዚህ ወፍ የሚሥል ሰው ሁለት ነገር መለየት አለበት፤ የላባው የራሱ ቀለም የቱ ነው? በላዩ ያረፈው ብርሃን ወይም ጥላስ የሠራው የቱ ነው? ይህን ትምህርት ከታየር ከወሰዱት ተማሪዎች አንዱ ሉዊስ አጋሲዝ ፉርቴስ ሲሆን፥ ታሪኩ ከአገራችን ጋራ የተያያዘ ነው። ፉርቴስ በ1926 እና በ1927 በቺካጎ ከሚገኘው ከፊልድ ቤተ መዘክር ጓድ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአገራችንን ወፎች ሣለ። ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ፥ በነሐሴ 1927 በኒው ዮርክ ግዛት በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ መኪናው በባቡር ተገጭታ ሕይወቱ አለፈ። በመኪናዋ ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ ግን ሳይጐዱ ተረፉ፤ ከእነርሱም የተመረጡት በ1930 በአልበም ታትመው ወጡ። ሠዓሊው ካለፈ በኋላ፥ ያያቸው ወፎች በአንድ ወቅት በወደቀባቸው ብርሃን እስከ ዛሬ ይታያሉ።

የመምህሩ የታየር መጨረሻ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ሕጉን ካገኘ በኋላ ከሕጉ ሌላ ማየት ተሳነው። በ1909 ከልጁ ጋራ ባሳተመው መጽሐፍ የእንስሳ ቀለም ሁሉ ለመሰወር የተሰጠ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ከሩቅ የሚታየው ሮዝ መልክ ያለው ፍላሚንጎ እንኳ ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰማይ ጋራ ለመመሳሰል ነው አለ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ይህን አጥብቀው ተቃወሙት። ያን ያኽል ጥሩ ዐይን የነበረው ሰው፥ በመጨረሻ እርሱም እንደ እኛ የሚያውቀውን መሣል ጀመረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ ወፍ ብቻ ለመናገር አይደለም። በዚያው ሰሞን ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ቅጽ ተሰጥቶን ነበር። በመዝገብ ቤት ስለሚሠሩ አንድ አዛውንት የሥራ አስተያየት እንድንጽፍ ነው፤ የደመወዝ ጭማሪያቸው ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነበር። ሰውየው በዝግተኛነትና በቍጡነት ስማቸው የወጣ ነው፤ አንድ ፋይል ለማግኘት ግማሽ ቀን ያስጠብቃሉ ይባላል። እኛም ቅጹን ከወንበራችን ሳንነሣ በዐሥር ደቂቃ ሞልተን ከመሳቢያ አስቀመጥነው። ዙሪያውን በመስመር ከብበን ውስጡን አጠቈርነው ማለት ነው።

ከቁራው እሑድ በኋላ በሰኞ ጠዋት መሳቢያውን ስንከፍት ያ ወረቀት ታየን። «ፀሐይዋ የት አለች?» የሚለው ቃል ትዝ አለንና ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። መዝገብ ቤቱ ረዥም ክፍል ሲሆን በመጨረሻው ጫፍ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ከመደርደሪያዎቹ በላይ ያሉት ሁለቱ አምፑሎች ተቃጥለዋል። አዛውንቱ አንድ ፋይል ካወጡ በኋላ ቍጥሩን ለማንበብ እስከ መስኮቷ ድረስ ይሄዳሉ፤ ካልሆነም ተመልሰው ሌላውን ያወጣሉ። ለግማሽ ሰዓት ያኽል ተቀምጠን አየናቸው። ስምንት ጊዜ ተመላለሱ።

«አባቴ፥ ለምን አምፑል አላስተከሉም?» አልናቸው።

«ጽፌአለሁ፥ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ማመልከቻው እዚሁ የሆነ ቦታ ይኖራል።»

ወደ ላይ ተመልሰን ቅጹን ቀደድነው፤ ሌላም ሞላን። ዝግ ማለታቸውን አልሸሸግንም፤ እውነት ነውና። ቍጣቸውንም አላነጣነውም፤ በጥላ ውስጥ የሚታየውን ብርሃን ከፀሐዩ ጋራ እንዳናስተካክል ተምረናል። ነገር ግን የሰውየው የራሳቸው የሆነውንና ክፍሉ የጣለባቸውን ለየብቻ ጻፍን፤ ስንት ጊዜ ወደ መስኮቱ እንደሚመላለሱም በቍጥር አስቀመጥን። አምፑሎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተተከሉ። የደመወዙ ነገር ገና አልተወሰነም። የመጀመሪያው ቅጽ ግን በዚያ ሰኞ ማለዳ ወደ አለቃችን ቢሄድ ኖሮ ማንም አይመልሰውም ነበር፤ ስለ እርሳቸው ከሚወራው ጋራ ፍጹም የተስማማ ነበርና።

እኛ ወጣት ሠራተኞች፥ ነገ ደግሞ እናንተ ዛሬ ተማሪ የሆናችሁ፥ ስለ ሰው የምንጽፈው ወረቀት ብዙ ነው። ብርዓችን ፈጣን ነው፤ የምናውቀውም የሚያንስ አይመስለንም። ስለዚህ ከአንባብያን መካከል ጊዜ ያለው ቢኖር በሚመጣው እሑድ አንድ ቍራጭ ከሰልና ጥቂት ዳቦ ይዞ ከአንድ ወፍ ፊት እንዲቀመጥ እንመክራለን። ወፉ ሳይጨርሱት ይበር ይሆናል፤ የእኛም ቁራ ብዙ ጊዜ በሮብናል። ግን የመጀመሪያውን መስመር ከማስመሩ በፊት ቀና ብሎ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች ይመልከት።